«ማንም የማያውቀውን አምጡልኝ!» ላሉት ሚስ ኢዜታ

ወገኖቼ፣ ዶሮውን ለአፍታ ተዉትና ስሙኝ። ሬጂ፣ አንተም አጥንቱን አስቀምጥ፤ እሱ የትም አይሄድም። ዛሬ በጡረታ የሚሄዱት ሚስ ኢዜታ ግሪር ናቸው።

የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ነው። እኔ ሌስተር የዚህ ቤተ መጻሕፍት የበር ጥበቃ ሆኜ ከተቀጠርኩ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። ደንቡን በቃሌ ሸምድጄዋለሁ። አንዲት ቀጭን ሴት ትልቅ ድስት አቅፈው መጡ።

«እመቤቴ፣ ሾርባ ይዞ መግባት ክልክል ነው።»

«ሾርባ አይደለም፤ ጎመን ነው።»

«ጎመንም ቢሆን ክልክል ነው።»

«ለአዲሷ አለቃህ ነው።»

«ታዲያ ልጥራቸዋ! ስማቸውን ያውቁታል?»

«አሳምሬ!» አሉኝ። «እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ በዚህ በር ምን እንደሚገባ ጠይቄ አላውቅም። ሌባ ገብቶ ከሆነም ይቅርታ።

ያን ጊዜ፣ የካቲት በገባ ቁጥር፣ የጥቁሮች ታሪክ ወር ነው ብለን አምስት የታላላቅ ሰዎች ፎቶ ከካርቶን አውጥተን መግቢያው ላይ እንለጥፍ ነበር። ወሩ ሲያልቅ ወደ ካርቶናቸው ይመለሳሉ። ሚስ ኢዜታ ቆመው አዩአቸውና «ሌስተር፣ ከነዚህ አምስት ሰዎች ሌላ ጥቁር አልተወለደም?» አሉኝ። እኔም «ካርቶኑ የሚይዘው ይህንኑ ነው» አልኳቸው።

ውድድሩ የመጣው ከዚያ ነው። የሰፈራችን ልጆች አንድ የተረሳ ጥቁር ሰው ፈልገው ያገኛሉ፤ ይጽፉለታል፣ ይስሉታል። ቴምብር ላይ ያለ ሰው አይቻልም። መንገድ የተሰየመለትም አይቻልም። «ማንም የማያውቀውን አምጡልኝ!» ይሉ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት አንዱ ልጅ አክስቱን ጽፎ መጣ። «አክስትህንማ አውቃታለሁ» አሉት። «ሁለት መጽሐፍ አልመለሰችም።»

«ማን ነገረሽ?» የምትለዋን ጥያቄያቸውን እዚህ ያላችሁ ሁሉ በሕልማችሁ ሳይቀር ትሰሟታላችሁ። ልጆቹ የጻፉትን እያንዳንዱን ነገር ከየት እንዳመጡት ይጠየቃሉ። እኔ እንኳን አንድ ጠዋት «ዛሬ ሊዘንብ ነው» ብላቸው «ማን ነገረህ?» አሉኝ። መኪናቸውንስ? ልጆቹን በዚያች አሮጌ ብዊክ ጭነው በየመቃብር ቦታው የድንጋይ ጽሑፍ ያስነብቧቸዋል። አነዳዳቸው ዘገምተኛ ስለሆነ መንገደኛው ሁሉ የቀብር አጀብ እየመሰለው ባርኔጣውን አውልቆ ይቆም ነበር። አይሳቁ፣ ሚስ ኢዜታ! አንድ ቀን እኔም አውልቄያለሁ።

አሁን የጄኖራን ነገር ልንገራችሁ። ጄኖራ ቲብስ፣ ያቻትና፣ እዚያ ጥግ ተቀምጣለች። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። በአንድ ቤተ ክርስቲያን አሮጌ መዝገብ ውስጥ ይህችን መስመር አገኘች፦ «ለወንድም ሄዘቃያ ዶብስ፣ ልጆቻችንን ውኃ ስላስተማረ፣ አንድ ጥንድ ጫማ።» ተከታትላ ስትደርስበት ሰውየው የሸክላ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በእሱ ዘመን የከተማው መዋኛ ጥቁር ልጅ አያስገባም፤ ልጆች ወንዝ ወርደው ይሰጥማሉ። እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዙ ውስጥ ቆሞ ዋና ያስተምራቸው ነበር።

ጻፈችለት፤ ሳለችውም። ሥዕሉ ላይ ግን ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው። ሚስ ኢዜታ «ፊቱስ?» ሲሏት፣ «ፎቶ የለውም። ፊቱን ብስል ‹ማን ነገረሽ?› ሊሉኝ አይደል?» አለቻቸው። ሚስ ኢዜታ ሥዕሉን ተቀብለው በገዛ እጃቸው መግቢያው ላይ ሰቀሉት።

ከዚያ የቤተ መጻሕፍቱ ቦርድ ሊቀመንበር መጡ። ስማቸውን አልጠራም።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«ሄዘቃያ ዶብስ» አሉ ሚስ ኢዜታ።

«ሰምቼውም አላውቅ።»

«እንኳን ደስ አለዎት፤ አሁን ሰሙ።»

ሰውየው ፊታቸው ቀላ። ሰው የሚያውቃቸው አምስቱ እንዲመለሱ፣ የልጆቹ ሥራ በሙሉ እስከ ሰኞ እንዲወርድ፣ ውድድሩም እንዲቀር አዘዙ። አርባ ሦስት ልጆች ነበሩ። ጄኖራን ከኮፒ ማሽኑ ጀርባ ተደብቃ ስታለቅስ አገኘኋት። ሚስ ኢዜታ መሐረብ ሰጧትና ወደ እኔ ዞሩ። «ሌስተር፣ መሰላሉን አምጣ። ይውረድ ተባልን እንጂ የት እንደሚሰቀል አልተነገረንም።»

ሁለት ቀን ሙሉ መሰላል ተሸክሜ በየሱቁ ዞርኩ። ወገቤ እስካሁን ይመሰክራል። ጽሑፎቹን ጸጉር ቤት ለጠፍን፤ ሥዕሎቹን ዓሣ ጥብስ ቤትና ልብስ ማጠቢያ ቤት ሰቀልን። የሄዘቃያ ዶብስ ሥዕል ከማድረቂያ ማሽኖቹ በላይ ሆነ።

ቅዳሜ ዕለት ሚስ ፐርሊ የሚባሉ የሰማንያ ስምንት ዓመት አሮጊት ልብሳቸውን ሊያሳጥቡ ገቡ። ቀና ብለው አዩና ቅርጫቱ ከእጃቸው ወደቀ።

«ወንድም ዶብስ!»

ሥዕሏ ሥር ተቀምጣ የነበረችው ጄኖራ ዘላ ተነሳች። «እማማ፣ ፊቱ ሳይታይ እንዴት አወቁት?»

«ፊቱን ምን አደርገዋለሁ? በሰባት ዓመቴ በዚህ ጀርባ ላይ ተንጠልጥዬ ነው ወንዙን የተሻገርኩት።» ቀስ ብለው ቀረቡና በጣታቸው ነኩት። «ግራ ትከሻው ላይ ጠባሳ ነበረው፤ ረስተሽዋል።»

ጄኖራ እዚያው ቀለሟን አውጥታ ጠባሳውን ሳለች። ማሽኖቹ ቆመው ልብስ አውጪ ጠፋ። ሚስ ኢዜታ ፊታቸውን ወደ ሳሙናው መደርደሪያ አዙረው ነበር። ዋጋ እያነበብኩ ነው አሉ። ማን ነገራቸው!

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። በዓመቱ ውድድሩ ተመለሰ፤ ሊቀመንበሩም መጥተው ከሥዕሉ ፊት ፎቶ ተነሱ፣ ፈገግ ብለው። አምስቱ ታላላቆችም አልተባረሩም፤ ጎረቤት በዛላቸው እንጂ።

እንግዲህ ቀልዱ ይብቃኝ። ሚስ ኢዜታ፣ ይህን በአደባባይ ነግሬዎት አላውቅም። አንድ ዓመት «አንተስ ማንን ትጽፋለህ?» አሉኝ። «እኔ ጥበቃ ነኝ» አልኩ። «ጥበቃ እጅ የለውም?» አሉኝ። ዕድሜውን ሁሉ የባቡር ሐዲድ ሲያነጥፍ ስለኖረው አባቴ ጻፍኩ። አሥራ አንድ ሰው ፊት አነበብኩት። የአባቴ ስም በሰው ፊት ጮክ ተብሎ ሲጠራ ከቀብሩ ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ያን ቀን ያደረጉልኝን ነገር የምከፍልበት መንገድ የለኝም። አመሰግናለሁ፤ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

ጤና ይስጥዎት። ጠዋት ሳይቸኩሉ ይነሱ፤ ደጅዎ ሰው አይጣ። ብዊኳንም እባክዎ ለሌላ ሰው ይስጡ።

በሉ፣ ሻያችሁን ይዛችሁ ተነሱ። በእኚህ ሴት እጅ ያለፋችሁ ሁሉ የጻፋችሁለትን ሰው ስም ጮክ ብላችሁ ጥሩና ለሚስ ኢዜታ ግሪር ጠጡ። እኔ እጀምራለሁ፤

ኤልሞር ኪንግስቤሪ!