በሠናይት ለቅሶ ቤት ስለተሰበረው ካሜራ

የምስክር ስም፦ ተኸስተ ክፍሎም
ዕድሜ፦ 63
አድራሻ፦ ካልጋሪ፣ ማርቲንዴል
ሥራ፦ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር፤ የሰፈሩ ዕድር ሰብሳቢ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ረቡዕ፣ ኖቬምበር 16 ቀን 2016
ቃሉ በአማርኛ ተሰጥቶ በአስተርጓሚ ቆንጅት መርሻ ተጽፏል።

እኔ ከላይ ስሜ የተጠቀሰው ምስክር ለቀረበልኝ ጥያቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። የግል ተበዳይ ነኝ የሚለውን መርዕድን አውቀዋለሁ። ልትከሰስ የተቃረበችውን ሠናይት ወልደየስንም አውቃታለሁ። ሠናይት ሰንሪጅ የገበያ ማዕከል ውስጥ ጫማ ትሸጣለች፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በአረጋውያን መጦሪያ ሥራ አግኝታለች። በስሟ ክስ ከተመዘገበ ግን መጦሪያው እንደማይቀበላት ነግራኛለች። ሥራ በጠፋበት በዚህ ዘመን ሌላ የት እንደምታገኝ አላውቅም። እዚህ የመጣሁት ለዚህ ነው።

መርዕድ የነዳጅ ድርጅት ውስጥ የቧንቧ ንድፍ ይሠራ ነበር። የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ እንደ ብዙዎቹ ተሰናበተ። በዚህ አልንቀውም፤ የእኔም ልጅ ተሰናብቷል። የምንቀው ከዚያ ወዲህ በያዘው ሥራ ነው። ቤቱ ተቀምጦ ቪዲዮ እየሠራ፣ በየወሩ ለሚከፍሉት ተመልካቾቹ በኢንተርኔት ይሸጣል። ተመልካቾቹን "ቤተኞቼ" ይላቸዋል። አንዳቸውንም በስም አያውቅም። መጀመሪያ ቀልድ ሞከረ፤ የሳቀለት አልነበረም። ቀጥሎ ምክር ሸጠ። በመጨረሻ ገበያው ያለው ሐዘን ላይ መሆኑን ደረሰበት። አሁን ሰው ሲሞት ፎቶግራፉን ሰብስቦ፣ ዋሽንት ከሥር አድርጎ፣ ድምፁን እያንቀጠቀጠ የሕይወት ታሪክ ያነባል። ሟቹን አይቶት አያውቅም፤ እንባው ግን ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል።

የሠናይት እናት ወይዘሮ ገበያነሽ ኖቬምበር 9 ቀን አዲስ አበባ ዐረፉ። ወንድሟ መልከጼዴቅ ከዚያው ደውሎ ነገረኝ። በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌዎች ማለዳ ተሰብስበው ይሄዱና ሐዘንተኛዋን ደግፈው ይነግሯታል። ቅዳሜ ሥራ ስለማትገባ ያን ማለዳ እንድንነግራት ተስማማን። መልከጼዴቅ መርዕድንም የመታሰቢያ ቪዲዮ አዝዞት ኖሯል፤ መርዶው ሳይነገር እንዳያወጣው አስጠንቅቆት እንደነበር ለእኔም ነግሮኛል። መርዕድ ግን ዓርብ ቀን ለቤተኞቹ ለቀቀው። በኋላ ስጠይቀው፣ "ጋሼ፣ ፐብሊክ አላደረግኩትም እኮ፤ ለሜምበርስ ብቻ ነው። ቀድማችሁ ታያላችሁ ብዬ ፕሮሚስ አድርጌላቸዋለሁ" አለኝ። ሠናይት ከሥራ መሰናበቱን ሰምታ፣ አዝናለት፣ ከቤተኞቹ አንዷ ሆና ስትከፍለው እንደነበር አላወቀም። የእናቷን ሞት ሰንሪጅ፣ የምሳ ዕረፍቷ ላይ፣ ከነዋሽንቱ ሰማች።

ቅዳሜ ማለዳ ከሁለት የዕድሩ አባላት ጋር ወደተከራየችው ምድር ቤት ሄደን አንኳኳን። ጥቁር ለብሳ ከፈተችልን። ወንበሮቹን ደርድራ ነበር። ለምን እንዳልደወለችልን ስጠይቃት፣ "ትመጣላችሁ ብዬ ጠበቅኋችሁ" አለች። ብዙ ቤት መርዶ ነግሬያለሁ፤ ሐዘንተኛ እኔን ስታጽናና ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ሳለ መርዕድ መጣ። ይቅርታ ሊጠይቅ መስሎኝ ቦታ ለቀቅኩለት። እሱ ግን ካሜራ ከባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ጋር ይዞ ኖሮ፣ በሩ አጠገብ ተክሎ መቅረጽ ጀመረ። አጠገቡ ስለነበርኩ የተባባሉትን አንድ ሳይቀር ሰምቻለሁ። ሠናይት ከተቀመጠችበት ሳትነሣ፣ "መርዕድ፣ ፕሊስ አጥፋው" አለችው። "ፋይቭ ሚኒት ብቻ፤ ቤተኞቼ እየጠበቁኝ ነው" አላት። ተነሥታ ቀረበችውና፣ "እናቴን ሸጠሃል። ለቅሶዬን ተውልኝ" አለችው። የሰጣት መልስ፣ "ወደ መስኮቱ ትንሽ ጠጋ ትያለሽ? እዚህ ጋ ዳርክ ነው" የሚል ነበር። ያን ጊዜ ካሜራውን ከነማቆሚያው አንሥታ ከደጃፉ የሲሚንቶ ደረጃ ጋር አላተመችው።

ገፍታ ጣለችኝ ያለው ሐሰት ነው። እጇ አልነካውም። ወደኋላ ሲያፈገፍግ ለቀስተኛው በር ላይ ያወለቀው የጫማ ክምር አደናቅፎት ወደቀ። እዚያው ጫማው ላይ እንደተጋደመ ስልኩን አውጥቶ እሷን መቅረጽ ቀጠለ። ደግፈን ስናነሣው እንኳ ስልኩን አላወረደም።

መርዕድ ለማስረጃ ያቀረበውን ቪዲዮ መርማሪው አሳይተውኛል። ከተሰበረው ካሜራ ሜሞሪ ላይ የወጣ ሲሆን፣ የሚጀምረው ሠናይት ካሜራውን ልታነሣ እጇን ስትዘረጋ ነው። አጥፋው ያለችው፣ ለቅሶዬን ተውልኝ ያለችው፣ እሱም ጠጋ በይ ያላት ሁሉ ተቆርጦ ወጥቷል። ካሜራው ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀይ መብራቱ በርቶ እንደነበር በዐይኔ አይቻለሁ። ይህንኑ ቁራጭ ለቤተኞቹ እንደሸጠው ሰምቻለሁ፤ ለፖሊስ በነጻ መስጠቱ ገርሞኛል።

ካሜራውን መስበሯን አልክድም፤ እሷም አትክድም። ዘመዷ መሆን አለመሆኔን ተጠይቄ፣ አይደለሁም ብያለሁ። መርዶ ልነግራት ሄጄ በዚህ ሰው የተቀደምኩ ሽማግሌ ነኝ። እሱ ከቪዲዮው ቆርጦ ያስቀረውን ግን እኔ እዚህ መልሼ ተናግሬያለሁ።

ቃሌን በቪዲዮ እንድሰጥ ተጠይቄ አልፈቀድኩም። የተጻፈው ተነቦልኝ፣ ያልተናገርኩት እንዳልተጨመረበት፣ የተናገርኩትም እንዳልተቆረጠ አረጋግጬ፣ እውነት ስለመሆኑ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ተኸስተ ክፍሎም
የአስተርጓሚዋ ፊርማ፦ ቆንጅት መርሻ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ፊርማ አለው