የውሻው ፎሶሊያ

ወንድሜ በድንገት ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ከመቂ ወደ አዳማ በሚኒባስ እየመጣሁ፣ ከፊቴ ማዳበሪያ ሙሉ ፎሶሊያ ይዛ የተቀመጠችውን ሴት አጠገቧ ያለችው ጠየቀቻት።

«እህቴ፣ ይሄ ሁሉ ለድግስ ነው?»

«ለውሻዬ ነው።»

«ለውሻ?!»

«ሆዱን ያመዋል። በርካሽ ጊዜው ገዝቼ፣ ከካሮትና ከዱባ ጋር ቀቅዬ፣ በፌስታል እያደረግኩ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጥለታለሁ። ጨውና ሽንኩርት ክልክል ነው።»

«ታድሎ!»

«ተዪኝ እቴ። ትናንት ባሌ ከቅዳሴ ሲመለስ እኔ የለሁም። የጾም አትክልት መስሎት አሙቆ በላው።»

«ወይ ጉድ! ምን አለሽ?»

«‹ዛሬስ እጅሽ ይጣፍጣል፤ ጨው ብቻ ረስተሻል› አለኝ።»

«አልነገርሽውም?»

«እንጀራ ጨምሮ ሁለቴ ለበላ ሰው እንዴት ብዬ ልንገረው?»

«በቃ፣ እንዳላወቀ ይቅር።»

«እንዴት ይቀራል? ለእሁድ የነፍስ አባታችንን ጋብዞ ‹ያንኑ አትክልት ሥሪልን› ብሎኛል!»

«ታዲያ ሽንኩርትና ዘይት አድርገሽ ሌላ ሥሪያ።»

«ቀምሶ ‹የዚያን ቀኑ ይሻላል› ቢለኝስ?»

«ያኔ ውሻው ይዳኛችሁ!»

ከኋላቸው ሆኜ ሳቄን ዋጥኩ፤ በማግስቱ ጠዋት ከወንድሜ አስከሬን አጠገብ ተቀምጬ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምሬ በልቤ ነገርኩት።