የጳጉሜ ውሃ

ጳጉሜ በገባ ማግስት፣ ጠዋት፣ አስኮ ድልድይ ላይ ከጋሽ ወልደሰንበት ጋር ተገጣጠምን። ጋሽ ወልደሰንበት የእድራችን ዳኛ ናቸው። ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ የልጅ ልጃቸውን ሉሲን በእጃቸው ይዘው ወንዝ ሊወርዱ ነው። በጳጉሜ ውሃ ሁሉ የተባረከ ነው ተብሎ ወንዝ ወርዶ መታጠብ የቆየ ወግ ነው፤ ወጉን አልነቅፍም። የወንዛችን ሽታ ግን ገና ከድልድዩ ላይ አፍንጫ ያስይዛል። እኛ ለምደነው "እንዴት አደራችሁ" እየተባባልን እናልፋለን።

የእህታቸው ልጅ ናዝራዊት እየሮጠች ደረሰችባቸው። የአካባቢ ጤና ተምራ የተመረቀች፣ ከእሳቸው ጋር በአንድ ግቢ የምትኖር ልጅ ናት። ሉሲን ወንዙ ውስጥ እንዳያስገቧት ለመነቻቸው። እሳቸውም ሳይቆጡ መለሱላት፦ ወራጅ ውሃ ቆሻሻ አይዝም፣ እሳቸውም በዚሁ ውሃ ታጥበው ነው ያደጉት፣ ደግሞስ በጳጉሜ ምን ክፉ ነገር ይደርሳል? እኔ መሃል ገብቼ ላስማማ ቃጥቶኝ ነበር፤ ደግነቱ አፌን ያዝኩ።

"ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ባለፈው ሳምንት ያ ዶፍ ሲወርድ፣ የሽንት ቤታችንን ቱቦ ወደ ወንዙ የከፈተው ማነው?"

ጋሽ ወልደሰንበት ሰረቅ አድርገው ወደ እኔ አዩ። በሰፈራችን የሽንት ቤት ጉድጓድ የሞላበት ሁሉ ክረምት ሲመጣ የሚያደርገውን ነው ያደረጉት፤ ዝናብ ጠብቆ መልቀቅ፣ ከዚያ በር ዘግቶ መቀመጥ። ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም ግን አያወራውም።

"ጎርፉ ይወስደዋል ብዬ ነው" አሉ።

"ወዴት ነው የሚወስደው፣ ጋሼ?"

ይኼኔ ጎረቤታችን ሃጂራ ከታች ሽቅብ መጣች። ቤቷ ከድልድዩ በታች፣ ወንዙ ዳር ነው። ትንሹን ልጇን አዝላለች፤ አንገቱ ዘንበል ብሏል። ከዝናቡ ማግስት ወንዝ ገብቶ ሲንቦጫረቅ ውሎ፣ ከዚያ ወዲህ ተቅማጡ አልቆም ብሎት ጤና ጣቢያ እየወሰደችው ነው። ብርድ መትቶት ይሆናል አለችን። ከዚያም ጎንበስ ብላ፣ "እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ አባባ፤ ይመርቁልኝ" አለቻቸው።

እጃቸውን አነሱ፤ ምርቃቱ ግን አልወጣ አላቸው። እንዲያ ያለ ሀፍረት በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። እኔ ተመልካቹ እንኳ የምገባበት ጠፋኝ።

"ብርድ አይደለም፣ ልጄ" አሉ በመጨረሻ። "ከላይ ሆኜ ሽንት ቤቴን ወደ ወንዙ የለቀቅሁበት እኔ ነኝ።"

ሃጂራ ልጇን ከፍ አድርጋ አዘለችው። ናዝራዊትም ክርክሩን ትታ መላውን ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ጎረቤት ተሰባስቦ ሽንት ቤት የሚመጥ መኪና በጋራ ቢጠራ፣ ጉድጓዱም ክረምት ሳይገባ ቢመጠጥ፣ ወንዙ እያደር ይጠራል። ልጆች ከተቅማጥ ይድናሉ፣ እናቶች ጤና ጣቢያ ከመመላለስ ያርፋሉ፤ እስከዚያው ሉሲ በቤት ንጹህ ውሃ ብትታጠብ በረከቱ አይቀርባትም። ጋሽ ወልደሰንበት አንዱንም አልተከራከሩም።

"እሑድ እድር ላይ ቆሜ ያደረግሁትን በራሴ አፍ እናገራለሁ" አሉ። "እኔ ካልጀመርኩት ሌላውን ተው ማለት አልችልም።"

ሃጂራ መንገድ ጀምራ ነበር። ተመለሰች፤ ዓይኗን ግን ከመሬት አላነሳችም።

"ሲናገሩ እኔንም ይጨምሩኝ፣ አባባ" አለች። "ያ ዶፍ የወረደ ቀን እኛም ቱቧችንን ወደ ወንዙ ከፍተን ነበር። ከኛም በታች ሰው አለ።"