የአጎት ኢላይ ሻይና የኬዚያ የመጀመሪያ ንግግር

ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የስኩነር ኮቭ መንደርን ሰው «ውሃ ሳታፈሉ አትጠጡ» ስል የኖርኩ ነርስ፣ ያን ቅዳሜ ጠዋት ራሴ ጀሪካን ይዤ ከመንገድ ዳሩ ያልተመረመረ ምንጭ ስቀዳ እጅ ከፍንጅ ተያዝኩ። የያዙኝ ደግሞ አጎት ኢላይ ስኑክ ናቸው። እኛ ዘንድ ሽማግሌን ሁሉ፣ ተዛመድንም አልተዛመድንም፣ አጎት ማለት ደንብ ነው። አጎት ኢላይ የሰማንያ አንድ ዓመት ሰው፣ የድሮ ዓሣ አጥማጅ፣ የመንደሩን ኮሚቴ ለሃያ ዓመት በሰብሳቢነት የመሩ ናቸው።

«ወይ ጉድ፣ ሲስተር!» አሉ ከጋሪያቸው ላይ ስድስት ባዶ ጀሪካን እያወረዱ። «እኛን አፍሉ፣ አፍሉ እያልሽ ጆሯችንን ታደነቁሪያለሽ፤ አንቺ ግን እዚህ ነሽ?»

«ለሻይ ብቻ ነው» አልኩ አፍሬ። «የቧንቧው ውሃ መልኩ ቡናማ፣ ሻዩም ጭቃ ጭቃ ይላል።»

«በይ አይዞሽ፣ ለማንም አልናገርም። ነገ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ በር ላይ ለቆሙት ብቻ ነው የማወራው።»

እየተሳሳቅን ሳለ አንዲት ጭቃ የለበሰች ቀይ መኪና መጥታ አጠገባችን ቆመች። የወረደችው ኬዚያ ፓርዲ ነበረች። ኬዚያን እኔ ነኝ ያዋለድኳት። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በማሟያው ምርጫ አሸንፋ ሴንት ጆንስ ከተማ ካለው የኒውፋውንድላንድ ክፍለ አገር ምክር ቤት ከገባች ገና ሦስት ሳምንቷ። ከእሷ የሚያንስ እንደራሴ እዚያ ቤት የለም።

«እርስዎን ፍለጋ ነው የመጣሁት፣ አጎት ኢላይ» አለች። «ማክሰኞ የመጀመሪያ ንግግሬን አደርጋለሁ።»

«እሰይ የኔ ልጅ! እኔ ምክር ቤቱን በሬዲዮ ሃምሳ ዓመት ሰምቻለሁ፤ ምክር ከፈለግሽ ከኔ ውሰጂ። የመጀመሪያ ንግግር ወግ አለው። አፈ ጉባኤውን ታመሰግኛለሽ፣ መራጮችሽን ታመሰግኛለሽ፣ እናትሽን ታመሰግኛለሽ፤ ስለ ባሕሩ ውበት ሁለት ቃል ጣል ታደርጊና ትቀመጫለሽ። አንቺ ማንንም አትነኪም፣ አንቺንም ማንም አያቋርጥሽም።»

«እሱን እኮ ነው የምልዎት! ማንም የማያቋርጠኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ከማግስቱ ጀምሮ አፌን ስከፍት ይጮሁብኛል። ታዲያ ያቺን አንዲት ቀን በምስጋና ልጨርሳት?»

 አጎት ኢላይ አንድ ጀሪካን አነሱና «ነፋሱ አጥንት ይበላል፤ ኑ፣ ሻይ እንጠጣ» አሉ።

ወጥ ቤታቸው ገብተን ምድጃው አጠገብ ተቀመጥን። ማንቆርቆሪያው ሲጮህ ሻዩን አጥቁረው ቀዱልን፤ የቆርቆሮውን ወተት በላዩ ጠብ አደረጉበትና የተጠበሰ ሊጥ ከሞላሰስ፣ ከጥቁሩ የስኳር ማር ጋር አቀረቡ። ኬዚያ ሊጡን ጥርግ አድርጋ በላች፤ ሻዩን ግን አልነካችውም። ከቦርሳዋም አንድ ወረቀት አወጣች።

«ይህን ከመንደሩ የድሮ ቃለ ጉባኤ ነው የገለበጥኩት። ላንብበው?» አለችና ማንበብ ጀመረች። «ጁን አራት። ክሎሪን ጨማሪው ማሽን ሻይ ስለሚያበላሽ እንዲጠፋ በአምስት ድምፅ፣ ያለ ተቃውሞ ተወስኗል። ሰብሳቢ፣ ኢላይ ስኑክ።»

 እኔ አንገቴን ደፋሁ። ያን ጊዜ ስብሰባው ላይ ነበርኩ፤ ድምፅ ባይኖረኝም አፍ ነበረኝ። ሻዬን ይዤ ዝም አልኩ። ማሽኑ በጠፋ በሳምንቱ «ውሃ ሳታፈሉ አትጠጡ» የሚለው ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ይኸው እስከዛሬ አልተነሳም።

«ይህ ሲጻፍ የአሥራ አንድ ቀን ሕፃን ነበርኩ» አለች ኬዚያ። «በእናቴ ቤት ከቧንቧ ሳልሰጋ አንድ ብርጭቆ ጠጥቼ አላውቅም። ማክሰኞ ይህን ማንበብ እፈልጋለሁ። እርስዎ እምቢ ካሉኝ ግን ትቼዋለሁ።»

አጎት ኢላይ ስኒያቸውን ገፋ አደረጉ። «እሱንማ አታደርጊውም! የቤታችንን ገመና ሴንት ጆንስ ወስደሽ አደባባይ ልታሰጪው? ስድሳ ዓመት ያቆየሁትን ስም ለከተሜ መሳቂያ ልታደርጊው? ደግሞ ምን ፈይዶልሽ? ማሽን ስጡን በይ፣ በቃ።»

«አዲስ የውሃ ማጣሪያ ስጡን ብለን ለመንግሥት ሦስት ጊዜ ጽፈናል እኮ። ሦስት ጊዜም የመጣው መልስ ያው ነው፤ ‹መንደሩ የተሰጠውን ማሽን ራሱ አጥፍቷል› ነው የሚሉት። እኔ ብደብቀው እነሱ ያወጡታል፤ ያን ዕለት የማጣሪያው ነገር አበቃለት። እኔ ቀድሜ ከተናገርኩት ግን በእጃቸው ምን ይቀራል?»

«ትዕቢት ነው!» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «አባቴ ከዚያ ምንጭ እየጠጡ ዘጠና ሦስት ዓመት ኖሩ። እኔም ይኸው አለሁ። ዛሬ የተወለዳችሁት ናችሁ ውሃ የሚያማችሁ!»

እኔ መሃል ልገባ ስል ኬዚያ ቀደመችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር።

«አጎት ኢላይ፣ አባትዎ ምን ነበር የሚጠጡት?»

«ምን ይጠጣሉ? ሻይ ነዋ!»

«እርስዎስ?»

«ሻይ። በቀን አሥራ ሁለት ስኒ። ማን ይከለክለኛል?»

«ቀዝቃዛ ውሃ በብርጭቆ የጠጡት መቼ ነው?»

አጎት ኢላይ ጣራውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጢማቸውን አሻሹ። «አንድ ጊዜ… ሆስፒታል ሳለሁ፣ ኪኒን ስውጥ።»

«አየሽ ሲስተር?» አለች ወደ እኔ ዞራ። «ሃያ ሦስት ዓመት የለመንሽውን እሳቸው ሳያውቁት ሲፈጽሙት ነው የኖሩት! ዕድሜያቸውን ሙሉ አፍልተው ነው የጠጡት።» ወደ እሳቸው ተመለሰች። «እኛ ግን የሻይ ሰዎች አይደለንም፣ አጎቴ። ከጨዋታ ስንገባ ቀዝቃዛውን ነው የምንገለብጠው። እናንተን ያልነካችሁ እኛን ነው የሚያገኘን። ትምህርት ቤት ክፍሌ ውስጥ ሰባት ነበርን፤ ስድስቱ ከመንደሩ ሄደዋል። ለሥራ ነው ይባላል፤ ሥራ ያላቸውም ግን ልጅ ሲወልዱ ነው የሚሄዱት። የሕፃን ጡጦ የምታጥብበትን ውሃ ሳይቀር በየቀኑ የምታፈላ እናት ስንት ዓመት ትችላለች?»

እኔ በበኩሌ እንዲህ ዓይነት ክርክር ተምሬም አላሰብኩትም። ልማድ ሁሉ ክፉ አይደለም፤ የሽማግሎቹ ሻይ ራሱ መድኃኒት ሆኖ ነበር። ጥፋቱ ለእኛ የበጀንን ለልጆቻችንም ይበጃል ብለን መደምደማችን ነው። ሰው የኖረበትን ነገር ምስጢር ሳያውቅ ለሌላው ሲያወርስ እንዲህ ይሳሳታል።

 አጎት ኢላይ ጥግ የተደረደሩትን ጀሪካኖች አዩ።

«ሲስተር» አሉ በመጨረሻ። «አምና በጋ ትሪና የታመመች ጊዜ…»

ትሪና የልጅ ልጃቸው ናት፤ አራት ዓመቷ፣ ከአባቷ ጋር ሩቅ አልበርታ ነው የምትኖረው። ወሬውን እኔ አላነሳሁትም፤ የታካሚ ጉዳይ ነው።

«የመኪናው መንገድ ነው፣ ጥብስ ድንቹም በዝቶባት ነው ብዬሽ ነበር።»

«ብለውኝ ነበር።»

«አንቺስ ምን አልሽኝ?»

«ውሃው ነው አልኩ።»

«እኔም ተቆጣሁሽ።»

«አዎ፣ ተቆጡ።»

«ሻይ እንኪ አትላት፣ ልጅ ናት። አያቴ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አለችኝ። ከዚህ ጀሪካን ነው የቀዳሁላት። በዚህ እጄ።» እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አዩት። «አራት ቀን ሆስፒታል ተኛች። ዘንድሮ ልጄ አልመጣንም አለኝ። ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ።»

እንባቸው መጣ፤ አልደበቁትምም። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ላድርግ? ኬዚያ ወረቀቱን አጥፋ ወደ ቦርሳዋ ልትመልሰው ስትል እጇን ያዙ።

«አንብቢው። ስሜንም እንዳትዘይው። ብቻ ለሻይ ብለን እንደሆነ ንገሪልኝ፤ ክፋት አልነበረም። ደግሞ እኔም እመጣለሁ። ስሜ ተጠርቶ እኔ እቤቴ አልቀመጥም።»

ማክሰኞ አምስት ሰዓት ሙሉ ነድቼ ሴንት ጆንስ አደረስኳቸው። የሠርጋቸውን ክራባት አስረው ነበር፤ መንገዱን ሙሉ ሲያጠብቁትና ሲያላሉት ዋሉ። ከተመልካቾች ሰገነት ላይ ተቀመጥን።

ኬዚያ ተነሳች። አፈ ጉባኤውን አመሰገነች፤ እናቷንም አመሰገነች፤ አጎት ኢላይ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። ከዚያ ወረቀቱን አወጣችና ያንኑ አነበበች፤ ማሽኑንም፣ አምስቱን ድምፅም፣ ሻዩንም፣ ስሙንም። ወጉ ነውና ማንም አላቋረጣትም። አንድ ሚኒስትር አፉን ከፈተ፣ አፈ ጉባኤውን አየና መልሶ ዘጋው።

«ክቡር አፈ ጉባኤ» አለች፤ «ጥፋቱን እኛው ነን የፈጸምነው። ሻይ እንወዳለን። ያጠፋነው ግን ያኔ የነበርነው ነን፤ ሃያ ሦስት ዓመት የከፈልነው ደግሞ ያኔ ያልነበርነው። የእኔ ዕድሜ ልጆች ለወላጆቻችን ስህተት እስከ መቼ እንቀጣ? ሂዱ አትበሉን፤ መኖር እንፈልጋለን። ያን ቃለ ጉባኤ የፈረሙት ሰው ዛሬ እዚህ መጥተዋል፤ አምስት ሰዓት ተጉዘው፣ ስሜን ጥሪ ብለው። ይህን ያህል ድፍረት ከእሳቸው ከተገኘ፣ ከዚህ ቤት አንድ ማጣሪያ መጠየቅ ይበዛል?»

ሰገነት ላይ መናገር ክልክል ነው፤ መቆም ግን ማንም አልከለከለም። አጎት ኢላይ ተነስተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። መጀመሪያ የኬዚያ ወገን፣ ቀጥሎ የወዲያኛው ወገን በጭብጨባ ፋንታ ጠረጴዛውን መምታት ጀመረ። ያ ሚኒስትር ኋላ ደረጃው ላይ አግኝቶን አጎት ኢላይን ጨበጣቸውና «እኔም እናቴ ክሎሪኑን አትወደውም ነበር» አላቸው።

ማጣሪያው በዓመቱ ተተከለ። ከክሎሪኑ በኋላ ውሃው በከሰል ውስጥ ያልፋልና ሽታው ይጠፋል። ያን የለጠፍነውን ማስታወቂያ እኔው ራሴ ቀደድኩት። በየበጋው ሃያ ሠላሳ የሆድ ሕመምተኛ የማክም የነበርኩት ሴት ዘንድሮ ሁለት ብቻ አየሁ፤ እነሱም የተበላሸ የባሕር ቀንድ አውጣ በልተው ነው። ከኬዚያ የክፍል ጓደኞች አንዷ ሕፃኗን ይዛ ተመለሰች፤ የእናቷን ቤት እየቀባች ነው። አጎት ኢላይ አሁንም ሻያቸውን አሥራ ሁለት ስኒ ይጠጣሉ፤ ከቧንቧው ነው፤ ጣዕሙ ግን እንደ ድሮው አይደለም ብለው ሳያጉረመርሙ ውለው አያድሩም።

ጁላይ ላይ ልጃቸው መጣ። እኔ ቤታቸው ነበርኩ። ትሪና እየሮጠች ገብታ «አያቴ፣ ቀዝቃዛ ውሃ!» አለች። አባቷ ብድግ አለ። አጎት ኢላይ ቧንቧውን ከፍተው ብርጭቆውን ሞሉና ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት። በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ግማሹን ቀዝቃዛውን ራሳቸው ጠጡ፤ ጥርሳቸውን ሲነዝራቸው አየሁ።

ከዚያ የቀረውን ሰጧት።