የህንዱ ክኒንና የጋሼ ወንዳፍራሽ ጥርጣሬ

ጋሼ ወንዳፍራሽን ያገኘኋቸው እንዲያው በድንገት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በኦክቶበር ወር አንድ ቅዳሜ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ፓርኪንግ አጥቼ ስዞር ቆየሁና መኪናዬን አንድ የውስጥ መንገድ ላይ አቆምኩ። በእግሬ ስመለስ ጋሼ ወንዳፍራሽ የፓርኪንግ ክፍያ የሚቀበለውን የብረት ምሰሶ እንደ ከዘራ ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል። ሰላምታ ስሰጣቸው በድምፄ እንጂ በመልኬ የለዩኝ አልመሰለኝም።

"ስዩም ነህ? ተመስገን" አሉኝ። "ምድሪቱ ትንሽ ዞረችብኝ። አሁን ይተወኛል።"

ጋሼ ወንዳፍራሽ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። እሑድ እሑድ የቤተ ክርስቲያኑን ቫን እየነዱ፣ መኪና የሌላቸውን እናቶች ኮሪያታውን ከሚባለው ሰፈር እየሰበሰቡ ለአምልኮ የሚያመጡት እሳቸው ናቸው። እኔ በአንድ ኮሌጅ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ከእሳቸው ጋር ያስተዋወቀን ጉባኤው ነው። ክንዳቸውን ይዤ አጠገባችን ካለው ምግብ ቤት አስገባኋቸውና ውሃ አስመጣሁላቸው።

"የደም ግፊትዎ ይሆን? መድኃኒትዎን ወስደዋል?"

"አልወሰድኩም።"

"ረስተው ነው?"

"አልረሳሁም። ትቼዋለሁ።" ከጃኬታቸው ኪስ አንድ ነጭ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አቆሙት። "አንብበው። ከታች በኩል ያለውን።"

አነበብኩት። በህንድ አገር የተሠራ ይላል።

"ታዲያ ምን አለበት ጋሼ?"

"ታዲያማ ግራ ገባኝ! ስዩም፣ እኔ ዜና የምከታተል ሰው መሆኔን ታውቃለህ። ባለፈው ወር ህንድ ማርስ ደረሰች አሉ፤ መንኮራኩሯ በመጀመሪያ ሙከራዋ ማርስን መዞር ጀመረች። እሰይ፣ ጎበዞች አልኩ። ብዙም ሳይቆይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መጥረጊያ ይዘው መንገድ ሲጠርጉ በቴሌቪዥን አየሁ። ለካ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ መጸዳጃ ቤት የለውም! ከዚያ ደግሞ ከፓኪስታን ጋር ድንበር ላይ ተታኮሱ፤ ሰው ሞተ። በዚያው ሰሞን የሰላም ሽልማት ለአንድ ህንዳዊና ለአንዲት ፓኪስታናዊት በአንድ ላይ ተሰጠ። እስቲ አንተ የተማርክ ነህ፣ ንገረኝ። ይህን ክኒን የሠራው ማርስ የደረሰው ህንድ ነው ወይስ ሜዳ ላይ የሚጸዳዳው?"

ልስቅ አልኩና አልቻልኩም። የሒሳብ ሰው ነኝና ለአንድ ጥያቄ አንድ መልስ መስጠት ለምጃለሁ፤ ይህ ጥያቄ ግን ከየት እንደሚጀመር እንኳ አላወቅኩም። ጋሼ የዋህ ቢሆኑ ኖሮ ማስረዳት ይቀል ነበር። እሳቸው ግን የሰሙት ሁሉ እውነት ነው፤ ያደናገራቸውም ይኸው ነው።

ይህን ስናወራ ሮሐ ገባች። ሮሐ የጋሼ ወንድም ልጅ ናት፤ እዚሁ ሎስ አንጀለስ ተወልዳ ያደገች፣ በዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ፖሊሲ የምታጠና። እዚያው ምግብ ቤት ምሳ አብረው ሊበሉ ተቀጣጥረው ኖሯል። አጎቷን ሳመችና ፊታቸውን አይታ ደነገጠች።

"ጋሼ፣ ምን ሆነሃል? ፊትህ ልክ አይደለም።"

የዚህ አገር ልጆች አንቱታን አያውቁም፤ ጋሼም ከለመዱት ቆይተዋል። እኔ መድኃኒቱን እንደተዉና ለምን እንደተዉት ነገርኳት።

"ኖ፣ ኖ! ሜዲሲንህን ስቶፕ አደረግክ? የህንድ ስለሆነ? ጋሼ፣ ህንድ እኮ የድሆች ፋርማሲ ናት። አፍሪካ ውስጥ ኤችአይቪ ያለበት ሰው አብዛኛው በሕይወት ያለው በህንድ ጄኔሪክ፣ በርካሹ ቅጂ መድኃኒት ነው። ሕጋቸው ራሱ ካምፓኒዎች በትንሽ ለውጥ አዲስ ፓተንት፣ ብቻቸውን የመሥራት መብት፣ እንዳይወስዱ ይከለክላል። እኔ ስለዚህ ፔፐር ጽፌያለሁ።"

"ደግ አድርገሻል፣ ልጄ። አሁን እኔ ልጠይቅሽ። የአሜሪካ መንግሥት ራሱ የአንዳንድ የህንድ ፋብሪካ መድኃኒት ወደዚህ አገር እንዳይገባ ከልክሏል። ይህንንስ ጽፈሻል?"

ሮሐ ፈገግ አለች። "እሱን ፌስቡክ ላይ ነው ያየኸው። ፌክ ነው ጋሼ።"

"ፈልጊዋ።"

ስልኳን አወጣች። መጀመሪያ ጣቷ ይፈጥን ነበር፤ ከዚያ እየዘገየ ሄደ፤ ከዚያ ቆመ። ፈገግታዋ ሲጠፋ አየሁ።

"ኦኬ" አለች በመጨረሻ። "እውነት ነው። ሁሉም አይደሉም፤ ጥቂት ፋብሪካዎች ናቸው። ኢንስፔክተሮች ሄደው የምርመራ ውጤት ሲያጭበረብሩ ይዘዋቸዋል። ሶ…" ስልኳን አስቀመጠች። "ሶ፣ እኔም አሁን ምን እንደምል አላውቅም።"

ጋሼ አሸነፍኩ ብለው አልተኩራሩም። እንዲያውም ፊታቸው ላይ የባሰ ጭንቀት ነበር። አልተሳሳትክም ከመባል ይልቅ ተሳስተሃል ቢባሉ ደስ የሚላቸው ይመስል ነበር። ጠርሙሱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉና ወደ ኪሳቸው ሊመልሱት ሲሉ እኔ ጣልቃ ገባሁ።

"ጋሼ፣ ካላስቸገርኩዎ አንድ ነገር ልጠይቅ። እነዚያን ፋብሪካዎች የያዛቸው ማን ነው?"

"የመንግሥት ተቆጣጣሪ።"

"ዘበኛ ማለት ነው። ዘበኛው ሌባ ሌባ ብሎ ሲጮህ፣ እኛ ጩኸቱን ሰምተን ቤታችንን ጥለን ብንሸሽ ዘበኛው ምን ጠቀመን?"

"ያልያዘውስ ሌባ?" አሉኝ ወዲያው።

እውነታቸውን ነው። "ያልተያዘ የለም ብዬ አልምልልዎትም" አልኳቸው።

"እንግዲያው እርግጠኛ ሳልሆን ልዋጠው?"

"እርግጠኛ ሳይሆኑ ደግሞ ትተውታል። ያቆሙት በምን ማረጋገጫ ነው? ነገ እነዚያን እናቶች ጭነው ዊልሸር ጎዳና ላይ ሲነዱ ዛሬ የዞረችብዎ ምድር ብትዞርስ?"

ይህን ስላቸው ጋሼ አቀረቀሩ። የራሳቸውን ሞት የሚፈሩ ሰው አይደሉም። ቫኑን ግን አላሰቡትም ነበር።

ሮሐ ወንበሯን አስጠጋችና፣ አሁን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ጋሼ፣ አባቴ ለምን እንደሚያነክስ ታውቃለህ" አለች።

"ፖሊዮ ነው። ትምህርት ቤት ድረስ እያዘልኩ የወሰድኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?"

"ህንድ በዚህ ዓመት ማርች ላይ ከፖሊዮ ነጻ ተባለች። እኔን ከማርሱ ይልቅ የገረመኝ እሱ ነው። አንዳንድ ሰፈር ሰዎች የክትባት ጠብታው ሲመጣ በር ይዘጉ ነበር። ጠብታው ልጆቻችንን መካን ያደርጋል የሚል ወሬ ነበረ። ሰዎቹ ሞኞች አልነበሩም፤ መንግሥት ሌላ ነገር ሳያደርግላቸው፣ ውሃ እንኳ ሳያስገባላቸው፣ ለምን ለዚህ ጠብታ ብቻ በራችንን ያንኳኳል ብለው ነው የጠረጠሩት። የተማሩ ሰዎች ሄደው ሌክቸር ቢያደርጉ አልሰሟቸውም።"

"ኋላስ?"

"የሰፈሩ እናቶችና የሃይማኖት ሽማግሌዎች ቤት ለቤት ሄዱ። ያኔ በሩ ተከፈተ።"

"ሽማግሌዎቹ ምን ብለዋቸው?"

ሮሐ ትንሽ አሰበች። "መጀመሪያ ያዳመጧቸው ይመስለኛል። እኔ ግን አላዳመጥኩህም። ሳላይ ፌክ ነው አልኩህ። ይቅርታ ጋሼ።"

ጋሼ ወንዳፍራሽ ጠርሙሱን በእጃቸው አገላበጡት። ወንድማቸውን ያሰቡ ይመስለኛል። "ያ ጠብታ በጊዜው እኛ ሰፈር ቢደርስ ኖሮ፣ እናታችን በሩን የምትከፍት ይመስልሻል?" አሉና መልስ ሳይጠብቁ ተነሡ። "በሉ እሺ፤ የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።"

በእኔ መኪና ሚራክል ማይል ሰፈር ወዳለው የጋሼ ፋርማሲ ሄድን። ፋርማሲስቷ ረጋ ያለች ኮሪያዊት ናት፤ ጋሼን ለዓመታት ታውቃቸዋለች። ምንም ከማለቷ በፊት ግፊታቸውን ለካች፤ ቁጥሩን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። መድኃኒቱን ካቆሙ ምን ያህል እንደሆነ ስትጠይቃቸው "ከመጥረጊያው ዜና ወዲህ" አሏት። እሷ አልገባትም፤ ሮሐ ከዚህ ወር መጀመሪያ ጀምሮ መሆኑን አስረዳቻት።

ጋሼ ጠርሙሱን አስቀምጠው የሚያስጨንቃቸውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ነገሯት። ሳታቋርጥ ሰማቻቸው። ከዚያ ኮምፒውተሯን አይታ ይህን ክኒን የሠራው ፋብሪካ ከታገዱት አንዱ አለመሆኑን ነገረቻቸው። ማናቸውም መድኃኒት ከገበያ እንዲሰበሰብ ሲታዘዝ ማስታወቂያው እንደሚደርሳት፣ ያን ጊዜ ራሷ እንደምትደውልላቸውም ጨመረች።

"ደግ ነው" አሉ ጋሼ። "ግን ለምን የድሮውን አትሰጪኝም? ያን በብርቱካናማው ብልቃጥ የነበረውን፣ የአሜሪካኑን?"

"የትኛው የአሜሪካን?" አለች ፋርማሲስቷ ግራ ተጋብታ። ወደ ጓዳ ገብታ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ይዛ መጣች። "የድሮው ይህ ነው። ከዚህ እየቆጠርኩ በብርቱካናማው ብልቃጥ ነበር የምሰጥዎት። ብልቃጡ ላይ የአገር ስም አይጻፍም፤ የአሁኑ ግን ከነፋብሪካው ጠርሙስ ነው የሚመጣው።"

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ትልቁን ጠርሙስ አዟዟሩት። አነበቡት። ደግመው አነበቡት። እሱም ህንድ ይላል።

"ለካስ ይህን ሁሉ ዓመት በሕይወት ያቆየችኝ ህንድ ናት!" አሉና መሳቅ ጀመሩ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፤ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ፋርማሲስቷ ወዲያው ለሐኪማቸው ደወለች። በዚያው ቀን ታይተው፣ ግፊታቸው እስኪረጋ ድረስ መኪና እንዳይነዱ ታዘዙ። የቫኑን ቁልፍ ለእኔ ሲያስረክቡኝ እጃቸው ቁልፉን ለመልቀቅ ትንሽ አመነታ።

ክኒኑን በዚያው ምሽት ጀመሩ። ሰንብቶ ማዞሩ ተዋቸው። ሐኪሙ ሲፈቅድላቸውም ወደ ቫኑ መሪ ተመለሱ። እናቶችም ደስ አላቸው፤ የእኔ አነዳድ አላማራቸውም ነበርና።

ከዚያ በኋላ በአንዱ እሑድ፣ ጋሼ ወንዳፍራሽ ከአምልኮ በኋላ መጋቢውን አስፈቅደው ከጉባኤው ፊት ቆሙ።

"ወገኖቼ፣ ያገራችን ሰው 'ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ' ይላል። እኔ ያልተጣራ ወሬ ሰምቼ ልሞት ነበር። ወሬው ውሸት ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር፤ ግማሹ እውነት ሆኖ ነው ያሳሳተኝ። ህንድ የምትባል አገር አሁን ገብታኛለች ብዬ አልዋሻችሁም። ሰማይ የምታርስ፣ መሬቷን ገና ያልጠረገች አገር እንዴት እንደምትሆን አሁንም ግራ ይገባኛል። ይህችም ልጄ ፔፐሯን እንደገና እየጻፈች ነው፤ እሷም ግራ ገብቷታል። ነገር ግን አገርን መረዳት ሌላ ነው፤ አንድን ክኒን መጠየቅ ሌላ። ለመጀመሪያው ዕድሜ አይበቃም። ለሁለተኛው ፋርማሲ ድረስ መሄድ ይበቃል። መጠርጠር ኃጢአት አይደለም። ብቻ ጠርጥራችሁ ዝም አትበሉ፤ ሳትጠይቁም አትተዉ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሮሐና ሁለት ነርሶች ከአምልኮ በኋላ በአዳራሹ ጥግ ተቀምጠው ግፊት ይለካሉ፤ መድኃኒቱ የተለወጠበት ሰው ጠርሙሱን ይዞ ይመጣል፤ እነሱ ያላወቁትን ፋርማሲስቷን ይጠይቃሉ። ግፊት እንዳለበት ጭራሽ የማያውቅ ሰው ስንት ነበር! ሕክምና የጀመሩ አሉ፤ የማይስማማቸው መድኃኒት በሐኪም የተቀየረላቸውም አሉ። መጠየቅ የተማረ ጉባኤ ወሬ እንደ ንፋስ አይወስደውም፤ ያየሁትን ነው የምጽፈው።

በመጀመሪያው እሑድ ሰልፉ ሲያልቅ፣ እትዬ ወሰንየለሽ፣ በቫኑ ከሚመጡት እናቶች አንዷ፣ ዘወር ዘወር ብለው አይተው ቀረቡ። ከቦርሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ ጠርሙስ አወጡ። የስኳር መድኃኒት ነው፤ ማኅተሙ እንኳ አልተከፈተም። ኩላሊት ይጨርሳል ሲሉ ሰምተው ከበጋ ጀምሮ ትተውታል።

ሮሐ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ከዚያ መልሳ ዘጋችው። ጋሼ ወንዳፍራሽ ወንበር ሳቡ።

"ይቀመጡ፣ እትዬ ወሰንየለሽ" አሉ። "ማን ምን አለዎት? ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፤ ጊዜ አለን።"