ሁልጊዜ ጋሸና የደረሱት ሰው

እስኪ ብርጭቋችሁን ለአንድ አፍታ አስቀምጡልኝ። ሰጠኝ፣ አንተም ጥብሱን ተወት አድርገው፤ በጉ ከታረደ ቆይቷል፣ የትም አይሄድብህም።

ስለ ጋሽ እንዳለው እንድናገር የተመረጥኩት አንደበተ ርቱዕ ስለሆንኩ አይደለም። ሰኞ ሰኞ ስልካቸውን የማነሣው እኔ፣ የመለዋወጫ ክፍሏ ሰብሌ፣ ስለሆንኩ ነው። እኛ እዚህ ላሊበላ ቢሮ ውስጥ ወንበር ስናሞቅ፣ እሳቸው ከኮን ከተማ ወዲያ ገደል አፋፍ ላይ፣ ቢሮም ባልደረባም በሌለበት፣ ብቻቸውን የድርጅታችንን የውኃ ፓምፖች ሲጠግኑ ኖረዋል። ቤታቸው ኔትወርክ ሲጠፋ ቋጥኝ ላይ ወጥተው ይደውላሉ። አደዋወላቸው ደግሞ! ስልክ ባይፈጠርም ድምፃቸው ላሊበላ ይደርስ ነበር። ከእኛ ጋር ዓይን ለዓይን የሚተያዩት በዓመት አንዴ፣ በዚሁ በዓመታዊ ስብሰባችን ነው። ከነገ ጀምሮ ጡረተኛ ናቸው፤ የሚተካቸው ግን አልተገኘም። ካልተገኘ የጥገና ጣቢያቸው ይዘጋል ተብሏል። ለዚህ ነው ዛሬ ሁላችንም የሥራ አስኪያጃችንን የአቶ ሀብተ ሥላሴን ዓይን ላለማየት ሳህን ሳህናችንን የምናየው።

የመጀመሪያው ዓመት እንዴት እንደመጡ ላስታውሳችሁ። ስብሰባው ተጀመረ፤ ጋሽ እንዳለው የሉም። ምሳ ሆነ፤ የሉም። በማግስቱም የሉም። ገደል ገቡ ብለን ተጨነቅን። ለካስ ጋሽ እንዳለው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ችግሩ ስብሰባው የእኛ አለመሆኑ ብቻ ነው! የምንኖረው በግምገማ ዘመን ነው፤ በዚህ ከተማ አዳራሽ ከተከፈተ ሰው ይገመገማል። እሳቸውም የማናችንንም ፊት አያውቁ፤ ጨርቅ ላይ የተጻፈ መፈክር አዩ፣ እስክሪብቶ የያዘ ሰው አዩ፣ ገብተው ጥግ ላይ ተቀመጡ። የማን መሥሪያ ቤት እንደነበረ አልናገርም።

ሰብሳቢው፣ “እዚያ ጥግ ያሉት አባት፣ ከትናንት ጀምሮ አንድም ሐሳብ አልሰጡም። ተሳትፎዎ ደካማ ነው!” አላቸው።

ጋሽ እንዳለው ብድግ አሉ። “እውነት ነው፤ ድክመቴን ተቀብያለሁ፤ አስተካክላለሁ።”

ተጨበጨበላቸው! ሂስን እንዲህ ሳያላምጥ የሚውጥ ሰው አይተው ስለማያውቁ የክትትል ኮሚቴ አባል አድርገው መረጧቸው። ሾፌራችን ደባሱ አፈላልጎ ሲያገኛቸው፣ “ኧረ አባቴ፣ ይኼ የእኛ ስብሰባ አይደለም እኮ!” ቢላቸው፣ ምን አሉት መሰላችሁ? “ታዲያ የተቀበልኩትን ሂስ ለማን ልመልሰው?”

ከዚያ በኋላ አዳራሽ አልተሳሳቱም። መንገዱን ግን የማታውቁት የላችሁም፤ ከመንደራቸው ኮን በእግር፣ ከኮን ጋሸና በተገኘው፣ ከጋሸና ላሊበላ እግዜር ባለው። በስብሰባው ዋዜማ “የት ደረሱ?” ብዬ ስደውል መልሱ አንድ ነው፦ “ጋሸና ደርሻለሁ ልጄ፤ አብሽሪ!” ከኋላ ዶሮ ይጮኻል፤ ባለቤታቸው እትዬ ይማርሽ “ጫማህን አድርግ እንጂ!” ሲሉ ይሰማል። ጋሸና ምን ያህል ሰፊ ከተማ እንደሆነች ያወቅሁት ያኔ ነው፤ የጋሽ እንዳለውን መኝታ ቤት ሳይቀር ታጠቃልላለች።

ጓዛቸውስ? በሶ፣ ጋቢ፣ እና አንድ የተበላ የፓምፕ ዘንግ። ሪፖርታቸውን እንደማናምን ስለሚያውቁ ማስረጃውን በአካል ይዘውት ይመጣሉ። አንድ ዓመት ሚኒባስ ውስጥ ዘንጉን በተሳፋሪው ሁሉ ጉልበት ላይ አጋደሙት። ረዳቱ “አባት፣ ይኼ ብረት ሒሳብ ይከፍላል” ቢላቸው፣ “ድርጅቱን ጠይቅ፤ እሱ በሥራ ጉዞ ላይ ነው” አሉት።

አምና ደግሞ የቡድን መንፈስ የሚያስተምረን አሠልጣኝ ከአዲስ አበባ መጣልን። “ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ወደ ኋላ ውደቁ፤ ጓደኛችሁ ይይዛችኋል” አለን። ሰጠኝ ወደቀ፤ ቃለሕይወት ስልክ እያወራ ሳይዘው ቀረ። የቡድን መንፈሳችን ያን ዕለት ወገቡን ተጎዳ። የጋሽ እንዳለው ተራ ሲደርስ፣ “ልጄ፣ የእኔ ቤት ገደል አፋፍ ላይ ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አንለማመድም” ብለው ተቀመጡ።

ምስጉን ሠራተኛ ተብለው የተመረጡበትን ዓመትም ታስታውሳላችሁ። ስማቸው ተጠራ፤ የሉም። ደወልኩላቸው፤ “ጋሸና ደርሼ ነበር” አሉኝ። ለእናንተ ነገርኳችሁ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የምስክር ወረቀቱን ደባሱ ተቀበለላቸው። ፎቶ የተነሣውም እሱ ስለሆነ፣ እስከ ዛሬ ግድግዳችን ላይ ምስጉኑ ሠራተኛ ደባሱ ነው።

በኋላ መለዋወጫ ላደርስ መንደራቸው ስሄድ፣ እማማ ወለተ ሐና የሚባሉ ባልቴት ፓምፑ ዳር አገኘሁ። “ያን የሽልማቱ ጊዜ ይኼ ፓምፕ ተሰበረብን” አሉኝ። “እንዳለው ጋሸና ደርሶ ነበር፤ በስልክ ነገሩት፤ ወዲያው ተመለሰ። ባይመለስ እንስራችንን አዝለን ገደሉን ልንወርድ ነበር። የልጄ እግር የተሰበረው እዚያ ቁልቁለት ላይ ነው።”

ለካስ በዚያ ዓመት እውነትም ጋሸና ደርሰው ነበር። ለሽልማት እየመጡ ከመንገድ ተመልሰው ጭቃ ውስጥ ገቡ፤ እኛ ስንስቅም አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ጋሽ እንዳለው፣ በጣም እናመሰግንዎታለን። ይህን ፊት ለፊት ያልነገርንዎት ስለምንወድዎት ሳይሆን አይቀርም፤ እኛ የምንወደውን ሰው ከማመስገን መቀለድ ይቀለናል።

ውለታዎን እንዴት እንደመለስን ደግሞ ይስሙ። ጣቢያዎን የሚረከብ ሰው ሲፈለግ ሰጠኝ ሳይነስ ተነሣበት። ቃለሕይወት እናቱ በድንገት አረጁ። እዚሁ ላሊበላ ተወልዶ አድጎ “ከፍታ አይስማማኝም” ያለም አለ፤ ስሙን አልጠራም፣ ጠጅ እየቀዳ ነው።

ትናንት ከመኪና ሲወርዱ፣ ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ “ማን ተገኘ?” አሉኝ። “ይገኛል” አልኩዎት። ፊትዎን አየሁት፤ አላመኑኝም። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ የሚጨነቀው ለራሱ ነው፤ እርስዎ ግን እነ እማማ ወለተ ሐና ያንን ቁልቁለት ተመልሰው እንዳይወርዱ ይጨነቃሉ።

ዛሬ ጠዋት አቶ ሀብተ ሥላሴ ዘንድ ገባሁና “እኔ እሄዳለሁ” አልኳቸው።

“ሰብሌ፣ አስበሽበታል? ብርዱ እኮ ቀላል አይደለም። ሴት ልጅ ብቻዋን...”

“ፓምፑ ወንድ ሴት አይመርጥም፤ እኔም ሙያውን የተማርኩት መደርደሪያ ልጠብቅበት አይደለም” አልኳቸው። እስክሪብቷቸውን አንሥተው ፈረሙልኝ። ሰጠኝ፣ እንግዲህ ቀና ብለህ ብላ፤ ሳይነስህም ሳይሻለው አይቀርም።

በሉ ተነሡ፤ የጎደለበት ይቀዳለት። ጋሽ እንዳለው፣ ከእትዬ ይማርሽ ጋር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ገብስዎ ይመር፤ የልጅ ልጅ ይሳሙ፤ ስብሰባ ከሚባል ነገር ሁሉ ይሰውርዎ። ከእንግዲህ ፓምፑ ሲያቃስት ቢሰሙ መፍቻ አይፈልጉ። ጋቢዎን ተከናንበው ይተኙ፤ የምነሣው እኔ ነኝ።

ለጋሽ እንዳለው!