የአባት ስም የሌለው ዓመት

በእኛ ጊዜ ዓመትም እንደ ሰው ከነአባቱ ስም ነበር የሚጻፈው። በአፍማ ማንም ያሳጥረዋል፣ በወረቀት ሲሆን ግን አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሰባት ተብሎ ሙሉ ይሰፍራል። ለምን መሰለሽ፣ አሁን ቴፒ ገበያ መሀል ቆመሽ «ከበደ» ብለሽ ብትጣሪ ስንት ከበደ ነው የሚዞረው? የማን ልጅ ከበደ? ያባቱ ስም ካልተጨመረ ሁሉም ከበደ ነው። አንቺ የምትጽፊው፣ እንደተናገርኩት ጻፊው፣ እንዳታሳምሪብኝ።

ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ነው፣ እሱንም አልጨረስኩትም፣ ሥራ ነበረብኝ። ቁጥር ግን አውቃለሁ። እዚህ ከቴፒ ወጣ ብሎ ባለው የቡና እርሻ ችግኝ ጣቢያውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ጡረታ አወጡኝ፣ ታዲያ በዓመቱ ችግኙ ሁሉ ቢጫ ሆነባቸውና «እማማ አስካለ፣ ኧረ ይመለሱልን» ብለው መኪና ልከው ወሰዱኝ። ይህንንም ጻፊው።

ታዲያ እርሻው ኮምፒውተር ካስገባ ቆይቷል። እያንዳንዱ ማሳ መቼ እንደተተከለ በውስጡ ተጽፏል፣ እና በየዓመቱ ጥር ሲደርስ ዕድሜያቸውን ያሰላና ያረጀውን «ይጎንደል» ብሎ ዝርዝር ያወጣል። ጉንደላ ማለት ያረጀውን ቡና ከጉልበት በታች በመጋዝ ቆርጦ ጉቶው እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ማድረግ ነው። ለሽማግሌ ቡና መድኃኒት ነው፣ ለልጅ ግን ግፍ ነው።

የእኛ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ገባ፣ በዚያው ጥር ላይኛው ማሳ አበባ አውጥቶ ነጭ ሆኗል። ያንን ማሳ ከፍሬው ጀምሬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ በዘጠና አምስት የተተከለ፣ ገና ማፍራት የለመደ። ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ካቦ ማሞ መጋዝ የያዙ ሰዎች አስከትሎ መጣ።

«ካቦ፣ ወዴት ነው?» አልኩት።

«ጉንደላ ነው እማማ።»

«የቱን?»

«ይህንን።»

«ይህንን ልጅ?»

«ወረቀቱ ዘጠና አምስት ዓመቱ ነው ይላል።»

ሰማሽ? በእጄ ያሳደግኩት ቡና ዘጠና አምስት ዓመት ከሞላው እኔ ስንት ልሆን ነው። «ማሞ፣ ዐይን የለህም?» አልኩት። «ዐይንማ አለኝ እማማ፣ ዐይኔ ግን ማኅተም የለውም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ወረቀቱ ማኅተም ነበረው። እኔም መቀነቴን አጠበቅኩና መጀመሪያው ግንድ ሥር ቁጭ አልኩ። «እንግዲያው ከእኔ ጀምር። እኔም አርጅቻለሁ፣ ጎንድለኝና ላቆጥቁጥ» አልኩት። ሰዎቹ ሳቁ፣ ሲስቁ መጋዙን አስቀመጡ፣ እና ካስቀመጡ በኋላ የሚያነሳ ጠፋ። «ወደ ቢሮ እንሂድ» አለ ማሞ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ደረጀ ይባላል፣ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ወረቀት ይፈራል እንጂ። ኮምፒውተሩን የሚይዘው ደግሞ ያሬድ ነው፣ የሚዛን ከተማ ልጅ፣ ጨዋ። ወረቀቱን አየና ራሱን ያዘ። «እማማ፣ ማሽኑ ዓመት የሚይዘው በሁለት ቁጥር ብቻ ነው፣ ድሮ ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ። ዘንድሮ ሁለት ሺህ ሲሆን ለእሱ ባዶ ባዶ ሆነበት። ከባዶ ላይ ዘጠና አምስት ቀነሰ።»

«ከባዶ ላይ ይቀነሳል እንዴ?»

«አይቀነስም፣ እሱ ግን ቀንሶ ዘጠና አምስት አለ።»

እዩት እንግዲህ፣ የዓመቱን ያባት ስም ቆርጠው ጥለው ልጁ የማን እንደሆነ ጠፋባቸው።

አቶ ደረጀ ግን መሳቢያውን ከፍቶ ወረቀት አወጣ። «ይህ ነገር ያለቀ ነው፣ የፈረንጁ ሁለት ሺህ ሲገባ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው አስተካክለዋል፣ ይኸው ተፈርሟል።» አስታውሳለሁ፣ በግ ታርዶላቸው ነበር። ያሬድ በቀስታ «ጋሼ፣ እነሱ የነኩት በፈረንጅ ቀን የሚሠራውን የውጭ ደብዳቤ ነው፣ የማሳው መዝገብ በእኛ ዘመን ነው የተጻፈው» አለው። እኔም «አቶ ደረጀ፣ ለእንግዳ ስምንት ዓመት አስቀድመን ደግሰን በላን። እንግዳው የመጣው አሁን ነው» አልኩት።

ታዲያ መላው ምንድነው ተባለ። ያሬድ «አንድ ቀን ይበቃኛል» አለ። «ከአርባ በታች የተጻፈውን ዓመት ሁሉ ሁለት ሺህ ብለህ ውሰድ፣ ከአርባ በላይ የሆነውን አሥራ ዘጠኝ መቶ በል ብዬ አዘዋለሁ። ዘጠና አምስት ያኔ ልጅ ይሆናል።» አቶ ደረጀ ደስ አለው፣ «በቃ፣ ግሩም፣ ነገ ጉንደላው ይቀጥላል» አለ። ሁሉም ተነሣ። እኔ ግን በጣቴ እየቆጠርኩ ወጣሁ። ከአርባ በታች፣ ከአርባ በታች እያልኩ።

ታችኛው ማሳ ላይ እናት ዛፎቹ አሉ። አባቴ ነው የተከላቸው፣ እርሻው እርሻ ሳይባል፣ እኔ በተወለድኩበት ዓመት በሠላሳ አምስት፤ እኩዮቼ ናቸው። እየጎነደልን ስናድሳቸው የኖሩ ናቸው፣ የችግኙ ሁሉ ዘር የሚለቀመው ከእነሱ ነው። በማግስቱ ጠዋት ከቅርንጫፋቸው ላይ የቀረውን ጀንፈል፣ ዛፉ ላይ የደረቀውን ቡና፣ በቁና ለቅሜ ቢሮ ገባሁ።

«ያሬድ፣ አስተካከልከው?»

«አስተካከልኩት እማማ። ላይኛው ማሳ አምስት ዓመቱ ነው ይላል።»

«እግዜር ይስጥህ። ታችኛውንስ ጠይቅልኝ።»

ነካ ነካ አደረገው፣ ፊቱ ተለዋወጠ። «ገና አልተተከለም ይላል። ሠላሳ አምስትን ሁለት ሺህ ሠላሳ አምስት አድርጎ ወስዶታል። ባዶ መሬት ነው ብሎ… የሚመነጠር ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።»

ቁናውን አንሥቼ በአቶ ደረጀ ወረቀት ላይ ዘረገፍኩት። «ያልተተከለው ዛፍ ይህን ልኮልዎታል» አልኩት። ጀንፈሉ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፣ ማንም አላነሳውም።

«መስመሩን ከአርባ ወደ ሃያ ዝቅ ላድርገው» አለ ያሬድ።

«ከዚያስ በሃያ ዓመቱ?»

«በሃያ ዓመቱ… ሌላ ሰው እንደገና ያስተካክለዋል።»

«ያኔ ግንዱ ሥር ማን ይቀመጥልሃል? እኔ የለሁም። ያባት ስም ይገመታል እንዴ ልጄ? ፊቱን አይቶ ይሄ የከበደ ይመስላል ይባላል? ከተሳሳትክ እኮ ስድብ ነው።»

ታዲያ ሌላ ዘዴ አወጣ። ከሁሉም ዓመት ላይ ሃያ ስምንት ቀንሰን ማሽኑን ዘመኑ ሰባ ሁለት ነው እንበለው፣ ዕድሜው ሳይዛባ ይቀመጣል አለ። ይሄኔ ነው የሳቅኩት። «ሰባ ሁለትን አንተ አታውቀውም፣ እኔ አውቀዋለሁ። ስብሰባውንም ሰልፉንም ጨርሼ ነው የወጣሁት፣ አልመለስም። ማሽን እንዲመቸው ተብሎ ለዘመን አይዋሽም።»

አቶ ደረጀ «እና ምን ይሁን ይላሉ?» አለኝ፣ ተቆጥቶ ነው።

«ሙሉውን ጻፉት። አራቱንም ቁጥር።»

ያሬድ አንገቱን ነቀነቀ። «ትክክለኛው እሱ ነበር። ግን ለሁለት ቁጥር የተሰፋ ኪስ ነው፣ ሁሉንም ፈትቼ አስፍቼ መስፋት አለብኝ፣ ወር ይፈጃል። ደግሞ ማሽኑ ውስጥ የገባው ቁጥርም ስህተት አያጣውም፣ የሚመሳከርበትን የወረቀት መዝገብ ምስጥ በልቶታል፣ የትኛው ማሳ መቼ እንደተተከለ የሚያውቅ የለም።»

«እኔ አለሁ።»

«ዝናቡ ይደርሳል፣ የዓመቱ ጉንደላ ያልፋል» አለ አቶ ደረጀ።

«ይለፍ። ያረጀ ቡና አንድ ዓመት ቢታገሥ አይሞትም። ልጅ የተቆረጠበትና እናት የተነቀለችበት እርሻ ግን ዘር ከየት ያመጣል? አልሰማም ካሉ መጋዙ እዚያው ነው፣ ግንዱ ሥርም እኔ አለሁ።»

አቶ ደረጀ በር ላይ ወደቆመው ካቦ ማሞ ዞረ፣ ይታዘዘኛል ብሎ። ማሞ ቆቡን አውልቆ «ጌታዬ፣ ያልተተከለ ዛፍ በምን መጋዝ ይቆረጣል?» አለው። አቶ ደረጀ ጎንበስ ብሎ ወለሉ ላይ የወደቀውን ጀንፈል ለቀመ። የግብርና ሰው ነው ለካ። «መጋዙን አስገባ ማሞ» አለ። «ያሬድ፣ ከእማማ ጋር ውጣ።»

ወጣን። ወር ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው ጨረስን፣ ማሳ በማሳ፣ እኔ ከፊት እሱ ደብተር ይዞ ከኋላ። መጀመሪያ ላይ አስቸግሮኝ ነበር። «ስልሳ ሰባት» ይልና ይጽፋል። «የማን ልጅ?» እለዋለሁ። «የአሥራ ዘጠኝ መቶ» ይላል። «እሱንም ጻፈው» እላለሁ፣ እስኪጽፈው አልንቀሳቀስም፣ ዝናብ ቢመጣም አልንቀሳቀስም። ኋላ ለምዶት ራሱ «እማማ፣ ይህኛውም የአሥራ ዘጠኝ መቶ ልጅ ነው» ማለት ጀመረ። እናት ዛፎቹ ጋ ስንደርስ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አምስት ብሎ በትልቁ ጻፈ። ይኸው እስካሁን ቆመዋል፣ ሄደሽ እይ። ያልተማረች አሮጊት ምን ታውቃለች ያለ ቢኖር እሱም ሄዶ ይይ።

«እማማ፣ እንግዲያው የርስዎንም ልደት አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አምስት ብዬ ልጻፈው?» አልኳቸው እኔ ጸሐፊዋ።

«ተይ፣ ተይ። የእኔን ሠላሳ አምስት ብለሽ ተይው፣ ያባቱን ስም አትጨምሪበት። ያ ማሽን እንዳለው እኔ ገና ልወለድ ነው» አሉና ዐይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ።